የሁለት ደቂቃ ውድቀት

የሥራ ቃለ መጠይቅ ሲጋመስ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ልምድ የሚጠየቀው አልቆ ጠያቂዎቹ ወረቀት ሲገለብጡ፣ ሁለት ጥያቄዎች ተከታትለው ይመጣሉ። አንደኛው «ሪስክ የወሰድክበትን አጋጣሚ እስኪ ንገረን» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሥራ ላይ ሞክረህ የወደቅክበትን ነገር ንገረን» ይላል። እስከዚያች ደቂቃ አንደበቱ ይታዘዝለት የነበረ አመልካች እዚህ ላይ ሲደርስ የቀረበለትን የታሸገ ውሃ መክፈት ይጀምራል።

ችግሩ የመልስ እጦት አይደለም። ወድቆ የማያውቅ ሰው ገና አልተወለደም። ችግሩ አመልካቹ ሲዘጋጅ የሰነበተው ተቃራኒውን ለማድረግ መሆኑ ነው። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠባቸውን ስምንት ወራት ሲቪው ላይ «የግል አማካሪ» በሚል ስም ሸፍኗቸዋል። ጫማውን አስጠርጓል፤ ከረባት ከታላቅ ወንድሙ ተውሷል፤ ሸሚዙ ላይ የቀረችውን የወጥ ጠብታ በኮቱ ከልሏታል። እንዲህ ተሸፋፍኖ የመጣን ሰው ነው «ገበናህን አውጣ» የሚሉት።

ጠያቂዎቹም ቢሆኑ ገበናውን እንዳለ አይፈልጉትም። የሚፈልጉት ታጥቦና ተተኩሶ የቀረበ ውድቀት ነው፤ ሲጀመር የሚያሳዝን፣ ሲያልቅ የሚያስደስት፣ ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ። የሰው ልጅ እውነተኛ ውድቀቶች ደግሞ አብዛኞቹ መሐል ላይ የተቋረጡ፣ ጥፋቱ የማን እንደነበር እስከ ዛሬ የሚያከራክሩ ናቸው።

ጥያቄው አገር በቀል አይደለም፤ ዕድሜውም ረጅም አይደለም። የቀድሞ ቀጣሪ ከአመልካች የሚሻው ዕውቀት ነበር። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1921 ሊቀጠሩ የሚመጡ ምሩቃንን ከመቶ በላይ ጥያቄዎች ባሉት ፈተና ላይ ያስቀምጣቸው ነበር፤ ስለ አገሮች፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ማዕድናት፣ ያልተጠየቀ ነገር አልነበረም። ጥያቄዎቹ ሾልከው ጋዜጣ ላይ ሲወጡ አሜሪካ ራሷን መፈተን ያዘች። በዚያው ዓመት ቦስተንን ይጎበኝ የነበረው አልበርት አይንስታይን የድምፅ ፍጥነት ስንት እንደሆነ ተጠይቆ፣ በየመጽሐፉ የሚገኘውን ነገር በጭንቅላቱ ተሸክሞ እንደማይዞር መለሰ። በኤዲሰን ሚዛን አይንስታይን ወድቋል።

የሚገርመው፣ ስለ ውድቀት ቢጠየቅ ከማንም የተሻለ መልስ የነበረው ራሱ ፈታኙ ነው። ኤዲሰን በ1890ዎቹ ኒው ጀርሲ ውስጥ ድንጋይ ፈጭቶ ብረቱን በማግኔት የሚለይ ግዙፍ ፋብሪካ ተክሎ ነበር። ሚኒሶታ ላይ የተሻለና ርካሽ የብረት ማዕድን ሲገኝ ፋብሪካው ከነሚሊዮን ዶላሮቹ ሰመጠ። ሰውየው ግን ድንጋይ የመፍጨት ዕውቀቱን ወደ ሲሚንቶ አዞረው፤ ከዓመታት በኋላ የኒው ዮርኩ የቀድሞው ያንኪ ስታዲየም የተሠራው በእሱ ሲሚንቶ ነው። ዛሬ አንድ አመልካች ይህን ታሪክ ይዞ ቢቀርብ ሌላ ጥያቄ ሳይጨመርበት ይቀጠር ነበር። ኤዲሰን ግን እንዲህ ያለ ታሪክ አለህ ወይ ብሎ ማንንም አልጠየቀም፤ የሚጠይቀው ስለ አገሮችና ስለ ማዕድናት ነበር።

ጥያቄውን ወደ ዛሬ መልኩ ያቀረቡት የጦር አብራሪዎች ናቸው ማለት ይቻላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጆን ፍላናጋን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለአሜሪካ ጦር አየር ኃይል የበረራ ሠራተኞች በሚመረጡበት ሥራ ላይ ተሰማርቶ ነበር። ከሥልጠና የተባረሩ እጩዎች መዝገብ ሲታይ፣ የተባረሩበት ምክንያት ተብሎ የሰፈረው ተሰጥኦ የላቸውም ወይም ጠባያቸው አይመችም የሚል፣ ማንም ለማንም ሊጽፈው የሚችል ነገር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ እነ ፍላናጋን ቅጽሉን ትተው አጋጣሚውን መጠየቅ ጀመሩ፦ ሰውየው መቼ፣ የት፣ ምን አደረገ? ዘዴው በ1954 ታተመ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የቅጥር ባለሙያዎች ይህንኑ ወደ አመልካቹ አዞሩት፤ ሰው ነገ የሚያደርገውን ለማወቅ ትናንት ያደረገውን መጠየቅ ይሻላል ብለው። መልሱም አራት ክፍል እንዲኖረው ተደረገ፦ ሁኔታው፣ የተሰጠው ኃላፊነት፣ የወሰደው እርምጃ፣ የተገኘው ውጤት። አሠልጣኞች ስታር ይሉታል።

ከዚያ ነገሩ ካሊፎርኒያ ገባና መልኩን ቀየረ። የቴክኖሎጂው ሠፈር ውድቀትን ከነውርነት አውጥቶ ማዕረግ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ፌይልኮን የሚባል፣ የከሰሩ የኩባንያ መሥራቾች መድረክ ላይ እየወጡ እንዴት እንደከሰሩ የሚተርኩበት ጉባኤ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2014 የከተማው ጉባኤ ተሰረዘ። የተሰረዘው ተናጋሪ ጠፍቶ አልነበረም። ስለ ውድቀት የማያወራ ሰው በሠፈሩ ስለጠፋ፣ ለዚህ ብቻ ሰው መሰብሰብ ትርፍ ሥራ መስሎ ታየ።

በዚያው ዓመት አማዞን ፋየር ፎን የተባለ ስልክ አውጥቶ ገዢ አጣ፤ በዋነኛነት በዚሁ ስልክ ምክንያት 170 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ። የኩባንያው መሥራች ጄፍ ቤዞስ ከሁለት ዓመት በኋላ ለባለአክሲዮኖች ባሠራጨው ደብዳቤ ውሳኔዎችን በሁለት ከፈላቸው፤ አንዴ ከገቡ የማይመለሱበት በር አለ፣ ገብቶ አይቶ መውጣት የሚቻልበትም በር አለ፤ ለሁለተኛው ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። የኩባንያው የቅጥር ቃለ መጠይቅ የሚቃኝባቸው፣ በ2021 ሁለት ተጨምረውባቸው 16 የደረሱት መርሆችም ታስቦበት የተወሰደ ሪስክን ያወድሳሉ። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። 170 ሚሊዮን ዶላር የጎደለበት ሰው ስለ በሮች ይፈላሰፋል፤ 17 ሺህ ብር የጎደለበት ገንዘብ ያዥ ዋሱ ይጠራል። ውድቀት የሚያስከብረው ከተወሰነ መጠን በላይ ሲሆን ነው።

ጥያቄው አዲስ አበባ ሲደርስ ያገኘው ሌላ አገር ነው። አማርኛ ልጆቹን ስለ ሪስክ ማስተማር የሚጀምረው ገና ከጓዳ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል። ፈሪ ለእናቱ ይላል፤ ይህኛው ስድብ የሚመስል ምርቃት ነው፤ ደፋሩ ሲቀበር ፈሪው እናቱን ይጦራልና። ለወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ብሎም አስቀድሞ አስጠንቅቋል። «ከስህተትህ ምን ተማርክ?» ለሚለው ተከታይ ጥያቄ ሳይቀር መልስ አለው፦ ብልህ ከሌላው ስህተት ይማራል፣ ሞኝ ከራሱ። በዚህ ሚዛን «ከራሴ ስህተት ብዙ ተምሬያለሁ» ብሎ በኩራት የሚመልስ አመልካች ከየትኛው ወገን እንደሆነ ራሱ መስክሯል።

ሌላ ዓይነት ተረት የለም ማለት አይደለም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለው ለቃለ መጠይቅ የተፈጠረ ነው ቢባል የሚያምን አይጠፋም። ይሁንና ደጃዝማችነት ፈልጎ የፎከረ ሰው ያወራው ስላሸነፈበት ጦርነት ነው፤ ስለተማረከበት ሲፎክር የተሰማ የለም።

ትምህርት ቤቱም በዚሁ መንገድ ቀጥሏል። ካርድ ላይ ደረጃ ይጻፋል፤ አንደኛ የወጣው ይጨበጨብለታል፤ የወደቀው ካርዱን ለአባቱ የሚያሳይበትን ምቹ ሰዓት ሲያፈላልግ ይከርማል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የ2015ቱ 3.2 በመቶ ሆነ። አገር ያወቀው ውድቀት ይህ ነው። ከዚያ ትውልድ የሆነ፣ ሬሜዲያል ተምሮ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት ተመርቆ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ «ወድቀህ ታውቃለህ?» ቢሉት «ዜና አትሰሙም እንዴ?» ማለት መብቱ ነው። ወድቆ፣ እንደገና ተቀምጦ፣ አልፎ፣ መመረቅ ደግሞ አራቱም ክፍሎች የተሟሉለት መልስ ነው። እሱ ግን ሬሜዲያሏን ከሲቪው ላይ አውጥቷታል።

ወደ ቃለ መጠይቁ የሚያደርሰው መንገድም ድፍረትን የሚያበረታታ አይደለም። ሥራ ፈላጊው አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ተከራይቶ ያነብ ነበር፤ አሁን አሁን ደግሞ በቴሌግራም ቻናል ሲያስስ ያድራል። ማስታወቂያው «ዜሮ ዓመት» የሚል ካልሆነ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው ይቀርባል። ከቀድሞ መሥሪያ ቤት መልቀቂያ ያስፈልጋል። ሥራው ገንዘብ የሚነካ ከሆነ ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም ደመወዝተኛ መሆኑን የሚገልጽ፣ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ያመጣል። ይህን ሁሉ የጠየቀው መሥሪያ ቤት ነው ኋላ ወንበሩን አመቻችቶ «ሪስክ መውሰድ ላይ እንዴት ነህ?» የሚለው።

በዚያ ክፍል ውስጥ የእውነት ሪስክ የወሰደ አንድ ሰው ብቻ አለ። እሱም አሁን ካለበት መሥሪያ ቤት «አጎቴ አርፎ» ብሎ ፈቃድ አስፈርሞ የመጣው አመልካች ነው። አጎትየው ዘንድሮ ሲያርፉ ሦስተኛቸው ነው።

ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው። አንደኛዋ ከሰው ሀብት የመጣች፣ ጥያቄዎቹ የታተሙበትን ቅጽ የያዘች ነች። ሁለተኛው የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ እሱ የሚፈልገው ሰኞ ገብቶ የተከመረውን ሥራ የሚያቃልልለት ሰው ስለሆነ ጥያቄው ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጋል። ሦስተኛው ቃለ ጉባኤው ላይ ሦስት ፊርማ ስለሚያስፈልግ የተጠራ ነው። ሦስቱም እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሪስክ ባለመውሰድ እንደሆነ ያውቃሉ፤ አመልካቹም ይጠረጥራል።

መልሶቹ ብዙ ዓይነት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ተደጋግመው ይሰማሉ። ቀዳሚው «እስካሁን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልገጠመኝም» የሚለው ነው። መላሹ ጥያቄውን እንደ ጤና ጥያቄ ነው የሰማው። ሴትየዋ «ትንሽም ብትሆን?» ብላ ትለማመጠዋለች፤ እሱም ትንሽ አስቦ «አይ፣ ደህና ነኝ» ይላል። ውጤቱ ዜሮ ነው። ጠያቂዎቹ የሚረዱት ከሁለት አንዱን ነውና፦ ወይ ምንም ሞክሮ አያውቅም፣ ወይ ሲያጠፋ አይታወቀውም።

በሌላ በኩል ጥንካሬውን ድክመት አስመስሎ የሚያቀርብ አለ። «የኔ ችግር ሥራ ካልጨረስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም» ይላል። ይህ መልስ አንድ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ሰው ሲናገረው ሳይሠራ አልቀረም። አሁን የሰው ሀብቷ ሴት ገና «የኔ ችግር» ሲል ቀሪውን ጽፋ ትጨርሳለች።

ያጠፋ ሰው የሌለበት ጥፋት የሚያቀርበውም ብዙ ነው። በእሱ ትረካ ሪፖርቱ ዘገየ እንጂ ያዘገየው የለም፤ ዕቃው ተበላሸ፣ ስብሰባው ተረሳ፣ ደንበኛው ተቆጣ። ኃላፊው «አንተ የት ነበርክ?» ሲለው «እዚያው ነበርኩ» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ጥፋቱን ለቀድሞ አለቃው ያስረክባል። ይህ ከሁሉ ይከፋል፤ ከፊቱ ያለው የክፍል ኃላፊ ወዲያው ከዓመት በኋላ ስለ እሱ የሚባለውን መስማት ይጀምራልና።

የእነዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሆነው ደግሞ ጠያቂውን የንስሐ አባት ያደርገዋል። ለአንድ አቅራቢ ሁለት ጊዜ የከፈለበትን ቼክ ይጀምራል፤ ከዚያ በዚያው ሰሞን ከቤቱ ሰላም እንዳልነበረው፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደተሰጠው፣ ሁለተኛም እንደተሰጠው ያክላል። ማቋረጥ ነውር ስለሆነ ማንም አያቋርጠውም። ሦስተኛው ጠያቂ አንገቱን ይነቀንቃል፤ የሰው ሀብቷ ሴት ብዕሯን አስቀምጣ «አይዞህ» ትለዋለች። አይዞህ የተባለ አመልካች ሥራውን ማግኘቱ ያጠራጥራል።

የተሸመደደ መልስ ሌላ ነው። በየቴሌግራም ቻናሉ የሚዞር፣ ሰርቨር ተበላሽቶ ሌሊቱን ሙሉ ቆይቶ ስለጠገነ ሰው የሚተርክ ታሪክ አለ እንበል። በአንድ ቀን ሦስት አመልካቾች ይዘውት ሲመጡ፣ ሦስተኛው መሐል ላይ ቢረሳው ኃላፊው ያስታውሰዋል። እንዲህ ያለውን መልስ የሚያጋልጠው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፦ መጀመሪያ ማን ነገረህ? ስንት ሰዓት ነበር? ያን ጊዜ ሌላ ምን አማራጭ ነበረህ? በእውነት የደረሰበት ሰው የማይጠቅም ነገር ሁሉ ያስታውሳል፤ መብራት ጠፍቶ እንደነበር፣ ዘበኛው በሩን ቆልፎበት እንደነበር። የሸመደደው የሚያስታውሰው መደምደሚያውን ነው።

እነዚህ ሁሉ ሰዎች ግን ጥሩ መልስ አላቸው። የማያውቁት ጥሩ መልስ መሆኑን ነው። ለአብነት ባንክ ውስጥ በብድር ባለሙያነት ለመቀጠር የቀረበ ወጣት ይታይ። ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የዕቁብ ገንዘብ አዋጥተው፣ ጎደሎውን ተበድረው ሦስት መቶ ጫጩት ገዝተው ነበር። ሂሳብ ያዡ እሱ ነበር። ገንዘብ ሲያጥር «ክትባቱ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይ» ያለውም እሱ ነበር። ፈንግል ገባ፤ ሳምንት ሳይሞላ ሦስት መቶው አለቀ። ዕዳውን በሁለት ዓመት ቆራርጦ ከፈለ።

ይህ ወጣት «ሪስክ የወሰድክበትን ጊዜ ንገረን» ሲባል ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ስለ ጫጩቶቹ ማሰብ እንኳ አያስብም። ደመወዝና ማህተም ያልነበረው ነገር ልምድ አይባልም ብሎ ተምሯል፤ ሠፈር ውስጥም ገና ድረስ «ዶሮው» እያሉ ይስቁበታል። ነገር ግን በዚያ ባንክ ለዶሮ እርባታ ብድር የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ «ክትባቱን ለመቼ ነው ያሰብከው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ባለሙያ ቢኖር እሱ ነው። ታሪኩን በስድስት ዓረፍተ ነገር ቢናገረው፦ ምን ያህል ገንዘብ እንደነበር፣ የቱን ውሳኔ እሱ እንደወሰነ፣ ሲወስን ምን እንደማያውቅ፣ ምን እንደደረሰ፣ ዕዳውን እንዴት እንደከፈለ፣ ከዚያ ወዲህ ወጪ ሲቆጥብ የማይነካው ነገር ምን እንደሆነ፤ ጠያቂዎቹ ሌላ አይፈልጉም።

ባሕር ማዶም ይኸው ይደገማል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወይም በሲያትል፣ ቀን ሥራ ውሎ ማታ የኮምፒውተር ኮርስ የጨረሰ ሐበሻ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ስለ ራሱ የሚናገረው ሁሉ በ«እኛ» ነው። እኛ ሠራን፣ እኛ አስተካከልን። «እኔ» ብሎ መጀመር ካደገበት ጨዋነት ጋር አይሄድለትም። ጠያቂው ቡድኑን ሊቀጥር ስላልመጣ «አንተ የሠራኸው የትኛውን ነው?» ይላል፤ ሐበሻው ያፍራል። ሪስክ ወስደህ ታውቃለህ ሲባል ደግሞ አስቦ አስቦ የለም ይላል። ዲቪ ደርሶት የመንግሥት ሥራውን ለቆ፣ ሁለት ሻንጣ ይዞ፣ የማያውቀው አገር የማያውቀው ሰው ሶፋ ላይ ሦስት ወር ያደረው ሰውዬ ነው እንዲህ የሚለው። በእሱ ቤት ያ ዕድል ነው እንጂ ሪስክ አይደለም። ቤይሩትና ሪያድ ለቤት ሥራ የሚሄዱት እህቶች ደግሞ ይህን ጥያቄ ጭራሽ የሚጠይቃቸው የለም። ከሁሉ የበለጠ የሚያወሩት ያላቸው እነሱ ናቸው።

የሪስክ ጥያቄ እንደ ሙያው መልስ ይለያያል፤ ብዙ አመልካች የሚሳሳተውም ይህን ባለማየት ነው። አዲስ የተከፈተ የሶፍትዌር ኩባንያ ማንም ሳያዘው ነገር ጀምሮ ያበላሸን ሰው በደስታ ይሰማል። ለገንዘብ ያዥነት የቀረበ ሰው ግን «ሪስክ መውሰድ እወዳለሁ» ቢል ሦስቱ ጠያቂዎች እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ከገንዘብ ያዥ የሚጠበቀው ወረፋ ረዝሞ ደንበኛ ሲጮህ፣ ፊርማው አልመሳሰል ያለውን ቼክ አልከፍልም ብሎ የቆመበት ቀን ነው። የደንበኛን ቁጣ መቀበልም ሪስክ ነው። ለአብራሪም እንዲሁ ነው፤ መንኮራኩሩ መሬት ሊነካ ሲል አላማረኝም ብሎ አውሮፕላኑን እንደገና ወደ ላይ ማንሳት በድፍረት ከማረፍ ይበልጣል። ፋርማሲስት ደግሞ የሐኪሙ ጽሑፍ አልነበብ ሲለው ገምቶ መድኃኒት የሰጠበትን ጊዜ በድፍረት ስም ባያነሳ ይሻለዋል፤ ደውሎ ሐኪሙን ያስቆጣበትን ቢያነሳ ነው የሚሻለው።

በሁሉም ሙያ ግን ጠያቂው የሚያዳምጠው አንድ ነገር አለ፦ ሰውየው ሲወስን ምን ያውቅ ነበር፣ ባይሳካ ምን ሊያደርግ አስቦ ነበር፣ ለማንስ አስቀድሞ ነግሮ ነበር? ለማንም ሳይነግሩ፣ መመለሻ ሳያዘጋጁ አድርጎ ተሳካልኝ ማለት በብዙ መሥሪያ ቤት ነጥብ ያስቀንሳል። እንዲህ ያለው ሰው በሁለተኛው ጊዜ ላይሳካለት ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው ደግሞ ኃላፊው ነው።

የውድቀቱ ጥያቄ በመጠን ምርጫ ያልቃል። በጣም ትንሽ የሆነ ውድቀት፣ ታክሲ ጠፍቶ አንድ ቀን ማርፈድን የመሰለ፣ ጠያቂን መናቅ ነው። በጣም ትልቅ የሆነው፣ የድርጅቱ መኪና ገደል የገባበት፣ ጉዳዩም ገና ፍርድ ቤት ያለ፣ ቢቀር ይሻላል። መካከለኛው ተመራጭ ነው፤ ያለቀ፣ ጥፋቱ የራስ የሆነ፣ ሰው ያልተጎዳበት፣ ከዚያ በኋላ አንድ የሚታይ ነገር የተለወጠበት። የተለወጠውም «ጠንቃቃ ሆንኩ» አይደለም፤ እሱ ጠባይ ነው፣ ማስረጃ የለውም። «ከዚያ ወዲህ ክፍያ ከመፈረሜ በፊት ያለፈውን ወር ዝርዝር አስመጥቼ አስተያያለሁ» ቢል ግን ሊጣራ ይችላል። ጥፋቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ ቀሪው ጊዜ ከጥፋቱ በኋላ ለተሠራው ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ገልብጦ ለጥፋቱ ሰባት ደቂቃ፣ ለመፍትሔው «ከዚያ ተስተካከለ» የሚል ሁለት ቃል ይመድባል።

መልሱ ካለቀ በኋላ ነጥብ ይሰጣል። በደንብ በተደራጀ ቃለ መጠይቅ ሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቃል፣ ጠያቂዎቹም ሳይመካከሩ ለየብቻቸው ነጥብ ይሞላሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ የቀደሙ ጥናቶችን እንደገና አስልተው ሲያሳትሙ፣ ሠራተኛው ኋላ የሚያሳየውን የሥራ ውጤት አስቀድሞ በማመልከት በኩል ከመምረጫ ዘዴዎች ሁሉ ይህ ዓይነቱ ቃለ መጠይቅ ቀዳሚ ሆኖ ተገኘ፤ ፍጹሙ 1 ቢሆን የእሱ 0.42 ነው። ዝም ብሎ በጨዋታ መልክ የሚደረገው 0.19 አገኘ። ከሁሉ የተሻለው ዘዴ ግማሽ አልደረሰም ማለት ነው፤ በ12ኛ ክፍል መለኪያ ወድቋል። ሦስት ፊርማ ያለበት ቃለ ጉባኤ ላይ ግን ይህ አይጻፍም፤ የሚጻፈው አመልካቹ ከመቶ ስንት እንዳገኘ ነው፣ ከነነጥብ አምስቱ።

በመጨረሻ «አንተስ ጥያቄ አለህ?» ይባላል። ልማዱ «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» ማለት ነው፤ ደፈር ያለው ደመወዝ ይጠይቃል። እዚህ ላይ በጨዋ አንደበት «እዚህ መሥሪያ ቤት ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ምን ይደረጋል?» ማለት ይቻላል። መልሱ ስለ ድርጅቱ ከድረ ገጹ የበለጠ ይናገራል። ኃላፊው ባለፈው ዓመት የደረሰ አንድ ነገር አንስቶ ከተረከ ደህና ቤት ነው። «እንደ ጥፋቱ ክብደት» ካለ ደንቡን ያውቃል ማለት ነው። ሦስቱም ዝም ብለው ሴትየዋ «እንደውልልሃለን» ካለች፣ አመልካቹ ለአጎቱ ሌላ ቀብር ማሰብ ይኖርበታል።

ተደውሎለት ከገባ ደግሞ የሙከራ ጊዜ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ይህ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ፣ የሥራ ስንብት ክፍያም ሳይከፍል ሊያሰናብተው ይችላል። ሠራተኛውም መሥሪያ ቤቱ ካልተስማማው ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ትቶ መሄድ ይችላል።